አውቶቡሱ ሳይመጣ ሲቀር
ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ከትምህርት ቤት በኋላ የት ይማራሉ? ምንስ ይማራሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

  የዚህን እትም ትምህርት ርእስ የመረጡልን ሁለት እኅቶች ናቸው። ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንደኛዋ ቀረብ ብላ እንዲህ ስትል ጠየቀችን። «የማዳሜ ልጅ ኦቲዝም አለበት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላውና ይማርበት የነበረው ማዕከል ‹ዕድሜው አልፏል› ብሎ መለሰው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ አውቶቡሱን ይጠብቃል። አውቶቡሱ እንደማይመጣ ብነግረውም እስከ ቀትር አይነቃነቅም። ምን ላድርገው?» ይህን የሰማችው ሌላዋ እኅት ቀበል አድርጋ፣ «የእኔም ወንድም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው ያለው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ገንዘብ እልካለሁ፤ ግን ለምን ላውለው?» አለች።

በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ባሕር ቢኖርም ነገሩ አንድ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚውልበት ዕድሜ ሲያበቃ ቀኑ በምን ይሞላል? የዚያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም፤ «ጠይቀን እንጽፋለን» ብለን ነበር። እነሆ ጻፍን።

ስሙና ነገሩ

ኦቲዝም እንደ ጉንፋን ይዞ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ከሰው ጋር መግባባት ይከብዳል፤ አንድን ነገር መደጋገም ይወደዳል፤ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ስፌት እንኳ ከልክ በላይ ሊያስጨንቅ ይችላል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ቃል አይወጣውም፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል። ስለዚህ «ኦቲዝም ያለበት ይህን ይችላል፣ ይህን አይችልም» ተብሎ በጅምላ የሚነገር ነገር የለም፤ ልጁን ማየት ነው።

በምንኖርባቸው አገሮች በዓረብኛ «ተወሑድ» ይሉታል። ቃሉን ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል፤ ምክንያቱም ከእኛ «ተዋሕዶ» ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። እኛ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ስንናገርበት፣ እነርሱ ሰው ለብቻው መሆኑን ይናገሩበታል።

አገር ቤት ብዙ ጊዜ «ርግማን ነው»፣ «ክፉ መንፈስ ነው»፣ «የእናቱ ጥፋት ነው» ሲባል እንሰማለን። በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አንዳንድ ሐኪሞች «የእናት ፍቅር ስለጎደለው ነው» ይሉ ነበር፤ ኋላ ግን ስሕተት መሆኑ ታውቆ ተትቷል። ክትባትም አያመጣውም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጌታን ሲጠይቁት፣ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ እንደ መለሰላቸው ታስታውሳላችሁ። ልጁን ጠበል መውሰድ የሚከለከል አይደለም፤ ጠበል እየተጠመቀ እጁን መታጠብና ልብሱን ማጠፍም ይማራል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

እኛም ራሳችን ከበደል ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት በቅዳሴ መካከል አንድ ልጅ ደጋግሞ ሲጮኽ እናቱን «ይዘሽው ውጪ» አልናት። ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

ዕድሜ ሲያልፍ ምን አለ?

ሊባኖስን ምሳሌ እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ የግዴታ ትምህርትን እስከ 15 ዓመት አድርሶታል። ከዚያ በፊት በ2000 የወጣው ሕግ ቁጥር 220 ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ይናገራል፤ የመማር መብትም፣ የመሥራት መብትም በውስጡ አለ። ከስድሳ ሠራተኛ በላይ ያለው የግል ድርጅት ከመቶ ሦስቱን ከአካል ጉዳተኞች እንዲቀጥር ያዝዛል። በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን እምብዛም አይታይም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚማሩት በበጎ አድራጎት ማኅበራትና በገዳማውያን በሚተዳደሩ ልዩ ማዕከላት ነው። የአንዳንዱ ማዕከል የዕድሜ ልክ 18፣ የአንዳንዱ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። በ2019 መጨረሻ ገንዘቡ መውደቅ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መንግሥት ለማዕከላቱ የሚከፍለው ዘገየ፤ ሲመጣም ዋጋው ጠፍቶ ይመጣል። ስለዚህ ልጁ የተመለሰው ጥፋት ስላጠፋ አይደለም፤ ቦታው ጠብቦ ነው።

ሆኖም በሩ ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በዚህ አገር «መህኒየ» ወደሚባለው የሙያ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል፤ ኮምፒዩተር፣ ምግብ ዝግጅት፣ የሆቴል ሥራ ይማርበታል። የሚያስፈልገው በክፍል ውስጥ የሚረዳው ሰውና ጫጫታ ሲበዛበት ዘወር የሚልበት ጸጥ ያለ ጥግ ነው። ይህን ለማይችል ደግሞ የሥራ ክፍል ያላቸው ተቋማት አሉ። ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው ሴሶቤል ወጣቶቹ ቸኮሌትና የስጦታ ዕቃ የሚያዘጋጁባቸው ክፍሎች አሉት። አጎኒስታ የተባለው ቡና ቤት ደግሞ ዳውን ሲንድሮምና ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች ቀጥሮ ያሠራል። በአሜሪካ በ1996 በሲንሲናቲ ከተማ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረ ፕሮጀክት ሰርች የሚባል አሠራርም አለ። ወጣቶቹ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት በክፍል ሳይሆን በእውነተኛ የሥራ ቦታ፣ አሠልጣኝ አጠገባቸው ሆኖ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተዛወሩ ይፈጽሙታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁም እንዲሁ ማዕከላት አሉ፤ የኩዌት የኦቲዝም ማዕከል ከ1994፣ የቀጠሩ ሻፈላህ ከ1999 ጀምሮ ይሠራሉ። በኢሚሬትስ ከ2017 ወዲህ አካል ጉዳተኞችን «አስሓብ አል ሂመም» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ብርቱ ፈቃድ ያላቸው እንደ ማለት ነው። ቃሉን ብታውቁት ወረቀት ላይ ስታዩት አያደናግራችሁም።

አንድ ነገር ለሊባኖሶቹ እንጨምር። ልጁ ከማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚሰጠው የአካል ጉዳት ካርድ፣ ማለትም «ቢጣቃ»፣ እንዳለው ብትጠይቁ መልካም ነው። ካርዱ ለሊባኖሳውያን የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2023 ካርድ ላላቸው ወጣቶች በወር 40 ዶላር የሚሰጥ ድጎማ የተጀመረው በዚሁ ካርድ ነው። አንዳንድ ማዳም ሐፍረት ይዟት ካርዱን ሳታወጣ ትቀራለች። ቀን መርጣችሁ በእርጋታ ብታነሡት እንጂ ቡና ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ አይሆንም።

የገበሬዎቹ ጥበብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ማዕከል ተገኘም አልተገኘ፣ ልጁ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው በቤት ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ ማን እንደ ሆነች ታውቃላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ በአሜሪካ የሚሠራ ሐኪም ስለ ዐሥራ አንድ ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኦቲዝም በሕክምናው ዓለም በስሙ የታወቀው በዚያ ጽሑፍ ነው። ከልጆቹ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፤ በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በ1942 ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ ላይ ከሚኖሩ ባልና ሚስት ዘንድ እንዲኖር ተደረገ። ሐኪሙ በ1945 ሊጠይቀው ሄዶ ባየው ነገር ተደነቀ። ልጁ ያገኘውን ሁሉ መለካት ይወድ ነበር። ባልና ሚስቱ «ተው!» አላሉትም፤ ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግራቸው አደረጉ። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ይሰበስብ ነበር፤ የሚቀብርበት ቦታ ሰጡትና በየመቃብሩ ምልክት አቆመ። የበቆሎ ትልም ደጋግሞ ይቆጥር ነበር፤ በፈረስ እያረሰ እንዲቆጥር አደረጉት። ሐኪሙ በዚያ ቀን ልጁ ፈረሱን እያዞረ ስድስት ረጃጅም ትልም ሲያርስ አየ።

እነዚህ ሰዎች ገበሬዎች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። ያደረጉት ነገር፣ ልጁ የሚወደውን ከእጁ ሳይነጥቁ ወደ ሥራ መለወጥ ነው። ዶናልድ ኋላ ኮሌጅ ገብቶ ፈረንሳይኛ ተማረ፤ በከተማው ባንክ ለረጅም ዘመን ሠራ፤ በሃያ ሰባት ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፤ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ። በ2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ። እርግጥ ባንኩ ቤተ ሰቦቹ ድርሻ ያላቸው ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ሀብት ነገሩን አቅልሎለታል። መኪናውን ግን ሀብት አይነዳለትም፤ በልጅነት ያገኘው ትዕግሥትና በጎልማሳነቱ ሳይቋረጥ የቀጠለው ትምህርት ነው።

የአሳንሰሩ ልጅ

ወደ ጠየቀችን እኅት እንመለስ። ልጁ ምን እንደሚወድ ስንጠይቃት ሳቀች። «አሳንሰር» አለች። ቀኑን ሙሉ ቢፈቀድለት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። እርሷም በሩን ስትቆልፍበት፣ እርሱም በሩን ሲደበድብ፣ ዓመታት አልፈዋል።

የገበሬዎቹን ታሪክ ከነገርናት በኋላ ከማዳሟ ጋር ተመካክራ እንዲህ ጀመረች። ጠዋት አውቶቡስ ይመጣበት በነበረው ሰዓት የቆሻሻውን ፌስታል ይሰጡታል፤ አሳንሰሩን ጠርቶ ወርዶ ጥሎ ይመጣል። በመጀመሪያ እርሷም አብራው ወረደች። ከዚያ አሳንሰሩ በር ላይ ቀረች። ከዚያ ቤቱ በር ላይ። ይህ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ስለሚቆም ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ይጮኽ ነበር፤ ስለዚህ «ኢሽቲራኩ» የሚበራበትን ሰዓት በወረቀት ላይ በሰዓት ሥዕል አድርጋ በሩ ላይ ለጠፈች። አሁን ወረቀቱን አይቶ ይጠብቃል።

ችግርም አልጠፋም። አንድ ቀን ስድስተኛ ፎቅ ወርዶ ክፍት በር አግኝቶ የጎረቤት ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። ጎረቤቲቱ ጮኸች፤ ማዳም ተናደደች፤ ትምህርቱ ለሁለት ሳምንት ቆመ። ሲቀጥል የራሳቸውን በር ፎቶ አንሥታ በአንገቱ በሚንጠለጠል ካርድ ላይ አደረገችለት፤ በጀርባውም የማዳምን ስልክ ጻፈች። አሁን የሕንፃውን ናጡር የውኃ ጋሎን ወደ ፎቆቹ ሲያደርስ በቀን አንድ ሰዓት ያግዘዋል። አባቱ በሳምንት የሚከፈለውን ደመወዝ በናጡሩ እጅ ነው የሚሰጠው። ልጁ ገንዘቡን ከእናቱ ሳይሆን ከሥራ አለቃው መቀበሉ ብልህነት ነው እንላለን።

በወጥ ቤት የሚሰጥ ትምህርት

ብዙዎቻችሁ «ለእርሱ ከማስተምረው እኔው ብሠራው ይፈጥናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ይፈጥናል። ካልሲውን ብታለብሱት አንድ ደቂቃ ነው፤ እርሱ ሲለብሰው ዐሥር ደቂቃ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ጎልማሳ ካልሲ የሚያለብሰው ሰው ካልመጣ ከአልጋው የማይወርድ ከሆነ፣ ያንን ያደረገው ኦቲዝሙ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ፈጣን እጅ አለበት። ሥራ የሚያስቀጥረውም ሆነ ከሥራ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ መጸዳጃ ቤት ብቻውን መጠቀም፣ እጅ መታጠብ፣ መጠበቅ፣ «እርዱኝ» ማለት። የሙያ ትምህርት ቤት እነዚህን ይዞ ለመጣ ልጅ በሩን ቶሎ ይከፍታል።

እንዴት ይማራል? መጀመሪያ ሥራውን መበጣጠስ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሣት ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ለእርሱ ግን በሩን መክፈት፣ ልብሱን ማስገባት፣ በሩን መዝጋት፣ ሳሙናውን መስፈር፣ መጨመር፣ ቁልፉን ማዞር፣ መጫን፣ ሰባት ሥራ ነው። ሰባቱንም በአንድ ቀን አታስተምሩት። ስድስቱን እናንተ ሥሩና የመጨረሻውን፣ ቁልፉን መጫኑን፣ ለእርሱ ተዉለት። ማሽኑ ሲነሣ «ጨረስኩ» የሚለውን ደስታ የሚያገኘው እርሱ ይሆናል። እርሱን ሲለምድ ከመጨረሻው ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጨምሩ፤ ከኋላ ወደ ፊት ማለት ነው። ለአልጋ ማንጠፍም፣ ለዛዕተር ዳቦ መጠቅለልም ይሠራል።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ ቲች የሚባል ፕሮግራም ቀኑን በሥዕል ማሳየትን ለብዙ አገር አስተምሯል። ውድ ዕቃ አይፈልግም። በስልካችሁ የጥርስ ብሩሹን፣ የቁርስ ሳህኑን፣ የቆሻሻውን ፌስታል ፎቶ አንሡ፤ አሳትሙና በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ያለቀውን ራሱ ያንሣ። አውቶቡስ እየጠበቀ በር ላይ ለሚቆመው ልጅ መድኃኒቱ ይህ ነበር። «አይመጣም» የሚለው ቃል አየር ላይ ጠፍቶ ይቀራል፤ የአውቶቡሱ ሥዕል ተነሥቶ በቦታው የፌስታሉ ሥዕል ሲለጠፍ ግን በዓይኑ አየው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። እናት በፈረንሳይኛ፣ አባት በዓረብኛ፣ መምህርቷ በእንግሊዝኛ፣ እናንተ ደግሞ ሦስቱንም ከአማርኛ ጋር ቀላቅላችሁ ስታናግሩት ልጁ ይታክታል። ለአንድ ሥራ አንድ ቃል ይመረጥ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያው ይጥራው። ቃሉን ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። ብዙዎቹ ልጆች ሰምተዋል፤ መልሱ ግን በመንገድ ላይ ነው። ቶሎ ደግማችሁ ስትጮኹ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።

ገንዘብ ማስተማር በሊባኖስ ከባድ ነው፤ ሊራው ዜሮው በዝቶ ዶላሩም ተደባልቋል። የዳቦ ዋጋ የሚሆነውን ብር ፎቶ አንሥቶ ከዳቦው ፎቶ ጋር ማጣመር ይሻላል፤ ዋጋው ሲለወጥ ፎቶውም ይለወጥ። ክሎርና የመጸዳጃ ቤት አሲድ ይቆለፍባቸው። በረንዳውንም አደራ፤ ከፍታን የማይፈሩ ልጆች አሉ።

ስለ ራሳችሁም

ይህን ሁሉ ስንል ሥራችሁን ደርበን እየጨመርንባችሁ መሆኑን እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ የተቀጠራችሁት ለቤት ጽዳትና ለምግብ ነው፤ በውሉ ላይ ስለ ልጁ የተጻፈ ነገር ላይኖር ይችላል። ልጁን በሙሉ ቀን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ስለ ሆነ፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀነስ ወይም ደመወዙ እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጎልማሳ የሆነን ወንድ ልጅ ማጠብ የእናንተ ድርሻ መሆን የለበትም፤ አባት ወይም ወንድም ያድርገው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ራሱ እንዲታጠብ በሥዕል ማስተማር ነው። ሰውነቱ ሲያድግ መንካትና መነካት ምን እንደ ሆነ አያውቅም። «በርህን ዝጋ»፣ «አይነካም» የሚሉት ትምህርቶች ከሌላው ሁሉ ይቀድማሉ፤ እርሱንም ከሚበድሉት ያድኑታል። ቢመታችሁ ወይም ቢነክሳችሁ አትደብቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ነበረ ጻፉና ለአሠሪዎቻችሁ ንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት ይገኛል፤ የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑ ድምፅ፣ የጥርስ ሕመም፣ የእንግዳ ብዛት። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ግን ትመቱ ማለት አይደለም። ጉዳቱ ከበረታና የሚሰማችሁ ካጣችሁ ወደ እኛ ኑ፤ መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉ።

በአገር ቤት

ለሁለተኛዋ እኅት። ወንድምሽ አዲስ አበባ መሆኑ ከብዙዎች ይሻለዋል፤ ከከተማዋ ውጭ አገልግሎቱ እጅግ ጥቂት ነውና። ወረቀት ከሌለው መጀመሪያ በየካቲት 12 ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ጠይቁ፤ ዕድሜው ካለፈ የት መሄድ እንዳለበት ይነግሯችኋል። ቀጥሎ ማዕከላቱ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከውጭ ተመልሰው የውበት ሥራ ትምህርት ቤት ከፍተው ሲያስተምሩ የነበሩ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ስለ ሆነ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በጓሮ ክፍል ታስረው ስለሚያድጉ ልጆች በአደባባይ ሲናገሩ ኖረው በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፤ የመሠረቱት ማዕከል ግን ለብዙ ቤተ ሰብ መንገድ ከፍቷል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች የተቋቋመ ነው። ወረፋው ረጅም እንደ ሆነ ግን አስቀድመሽ እወቂ። እናትሽ ስሙን ያስመዝግቡ፤ እያስመዘገቡም ቁጭ ብለው አይጠብቁ።

ገንዘብሽን በተመለከተ፣ ትልቅ ስልክ ልከሽ ቀኑን በስልክ እንዲያሳልፍ አናበረታታም። ይልቅ በሰፈሩ አንድ ታጋሽ ባለሙያ ይፈለግ፤ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሸማኔ፣ እንጨት ሠራተኛ፣ ችግኝ የሚያፈላ። ለእርሱ በወር ጥቂት ገንዘብ እየሰጠሽ ወንድምሽ በቀን ሁለት ሰዓት አብሮት ይዋል። ዱቄት መንፋት፣ ድውር ማጠንጠን፣ ወረቀት ላይ ብሎን መለየት፣ ችግኝ ማጠጣት፣ ተደጋጋሚ ሥራ ሁሉ ለሌላው አሰልቺ ሲሆን ለእርሱ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ባለሙያው «ሥራ ያበላሽብኛል» ቢል እውነቱን ነው፤ የሚበላሸውን ዱቄት ዋጋ አስበሽ ላኪ። ኋላ ሥራ ቢያገኝና በኦቲዝሙ ምክንያት ቢከለከል፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል፤ ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢው።

እናትሽ ልጁ እንዳይጠፋ ሲሉ በር ቆልፈው ወይም አስረው የሚሄዱ ከሆነ አትውቀሻቸው፤ ገበያ መሄድ ስላለባቸው ነው። የሁለት ሰዓቱ ባለሙያ ለእርሳቸውም የገበያ ሰዓት ይሆንላቸዋል።

ደብተሩ

የአሳንሰሩ ልጅ ሞግዚት የሆነችው እኅታችን ውሏ በመጪው መስከረም ያበቃል፤ ወደ አገሯ ትገባለች። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ደግማ መጥታ፣ «ሁሉን ነገር የሚያደርገው እኔ ስላለሁ ነው፤ ስሄድ ወደ በሩ ይመለሳል» ብላ አለቀሰች። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። እነዚህ ልጆች ትምህርቱን ከሰውየው ጋር አስተሳስረው ይይዙታል፤ ሰውየው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ከማዳሟ ጋር ሆነን የተነጋገርነው ይህ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ፌስታሉን እንዲወስድ የምታዘው እርሷ ብቻ ሳትሆን ማዳም አንድ ቀን፣ አባቱ አንድ ቀን፣ እኅቱ አንድ ቀን ይሁኑ። አዲሷ ሠራተኛ ከመስከረም በፊት ትምጣና ሁለቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረው ይቆዩ። የአውሮፕላኑ ሥዕልና የእርሷ ፎቶ በአንድነት ግድግዳው ላይ ይለጠፉ፤ የምትሄድበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይከበብ። እርሷም ደብተር ይዛለች። የሚጠላቸውን ድምፆች፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የተመረጠውን ቃል፣ ሲጨነቅ የሚያረጋጋውን ነገር፣ የናጡሩን ሰዓት እየጻፈችበት ነው። አዲሷ ሠራተኛ ከየት አገር እንደምትመጣ ገና ስለማይታወቅ አብዛኛው በሥዕል ነው።

ባለፈው እሑድ አሳየችን። ሃያ ሦስት ገጽ ደርሳለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።